ዓይነ ስውር ሆኖ ቴሌቪዥን መከታተል፦ ከሪሲቨር ሪሞት እስከ ኔትፍሊክስ

«ቴሌቪዥን ምን ያደርግልሻል?» ተብሎ ያልተጠየቀ ዓይነ ስውር ያለ አይመስለኝም። ዜና እንሰማለን። ድራማ እንከታተላለን። ለቡድናችን እንጮኻለን። በዓል ሲደርስ የበዓሉን ዝግጅት ከቤተሰብ ጋር እንጠብቃለን። ፍላጎቱ አለን። የሚጎድለን ሁለት ነገር ነው፤ ቴሌቪዥኑን ራሳችን የምናዝበት መንገድ፣ እና ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚነግረን ድምፅ።

እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፣ ሻጮችም ጭምር። አንደኛው ድምፅ ሜኑ ያነባል። «ሴቲንግ፣ ዩቲዩብ፣ ኔትፍሊክስ» እያለ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ይህ ስክሪን ሪደር ነው። ሁለተኛው ድምፅ ያለው ፊልሙ ውስጥ ነው። ተዋናዮቹ ዝም ባሉበት ክፍተት እየገባ «በሩን ከፍታ ወጣች፤ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተው» ይላል። ይህ ደግሞ ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቴሌቪዥኑ እየተናገረ ፊልሙ ገለጻ ላይኖረው ይችላል። ፊልሙ ገለጻ ኖሮት ሜኑውን የሚያነብላችሁ ከሌለ ደግሞ ገለጻውን ፈልጋችሁ አታበሩትም።

እኔ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከእናቴና ከእህቴ ልጅ ጋር። የምጽፈው እኛ ቤት የሚሠራውንና ለጓደኞቼ ሳሳያቸው የሠራላቸውን ነው።

ከሪሲቨሩ እንጀምር

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ቤት ያለው ዲሽና ሪሲቨር ነው። ተራ ሪሲቨር አይናገርም። ግን በቁጥር ይታዘዛል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን የሚያይ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ቻናሎቹን እናንተ በምትፈልጉት ቅደም ተከተል አሰልፉ። የቻናል ማስተካከያው ውስጥ ቻናል ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀሻ አለ። እኛ ቤት 1 ኢቢሲ ነው፣ 2 ፋና፣ 3 ኢቢኤስ፣ 4 ቃና። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅባችሁ ቁጥሩን መጫን ብቻ ነው። ማንንም «እስቲ ኢቢኤስ አድርግልኝ» ማለት አያስፈልግም። ሰልፉን በድምፅ ቀድታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ወይም በብሬል ጻፉት። አንድ ጥንቃቄ አለ። ቻናል እንደገና ስካን ሲደረግ ሰልፉ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የዲሽ ሠራተኛ ሲመጣ ገና ከበር «ቻናሎቹን እንዳትነካብኝ፣ ከነካህም እንደነበሩ መልሰህ ትሄዳለህ» በሉት። ልብ ብለው የሚሰሙ ልጆች አሉ።

ሪሞቱን በጣት እወቁት። ብዙ ሪሞት 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ጣታችሁ እዚያ ካረፈ 2 ከላዩ፣ 8 ከሥሩ፣ 4 በግራ፣ 6 በቀኝ ነው። ጉብታ ከሌለው 5 ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጋችሁ በደንብ ይድረቅ፤ በጣት ይታወቃል። የቴሌቪዥኑና የሪሲቨሩ ሪሞት የሚመሳሰሉ ከሆነ አንዱን ወገቡ ላይ ላስቲክ አስሩበት። ቦታቸውም አንድ ይሁን። እኛ ቤት የሶፋው ቀኝ ክንድ ላይ ነው፤ እንግዳም ቢሆን ሌላ ቦታ አያስቀምጥም።

ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ምን እንደሆነ ለማወቅ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ድምፅ መጨመሪያውን ተጫኑ። ሚዩት ከሆነ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወደ ሌላ ቻናል ሂዱ። ሌላው የሚሰማ ከሆነ ችግሩ የዚያ ቻናል ነው። ሁሉም ዝም ካለ ደግሞ ወይ ሲግናል ጠፍቷል፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ከሪሲቨሩ ወጥቶ ሌላ መስመር ላይ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጠና ሲግናል መጥፋቱ የተለመደ ነው። እስኪያባራ ጠብቁ እንጂ ሪሲቨሩን አትነካኩት።

ስማርት ቲቪ ልትገዙ ከሆነ

መርካቶም ውረዱ፣ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን ሱቆችም ጠይቁ፣ ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ኢንችና ስለ ምስል ጥራት ነው። እናንተ የምትሉት ግን ሌላ ነው፤ «ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አክሰሲቢሊቲ ክፈትልኝ»። ሳምሰንግ ከሆነ «ቮይስ ጋይድ» የሚል ይፈልግ። ኤልጂ ከሆነ «ኦዲዮ ጋይዳንስ» ነው። ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ «ቶክባክ»። ያብራው። ከዚያ ሪሞቱን ተቀበሉትና ራሳችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ በሉ። እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ቴሌቪዥኑ የደረሳችሁበትን መናገር አለበት። ዩቲዩብንም ክፈቱትና እዚያም መናገሩን አረጋግጡ። አንዳንዱ ዋናው ገጽ ላይ ብቻ ይናገርና መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል።

«ቤት ገብቶ አፕዴት ሲደረግ ይመጣል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የሚናገር ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይናገር። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ጥያቄዬን ለእኔ ሳይሆን አብራኝ ለነበረችው ለእህቴ ልጅ ሲመልስ ነበር። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ እንደሆንኩ ነግሬው ወጣሁ። ቀጥሎ የገባንበት ሱቅ ልጁ ሪሞቱን እጄ ላይ አድርጎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። የገዛሁት ከእሱ ነው። የሚያከብራችሁን ሻጭ ፈልጉ፤ አለ።

በርካሽ የሚሸጡ ስማም የሌላቸው «ስማርት» ቴሌቪዥኖች ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ብዙዎቹ ጎግል ያላጸደቀው ተራ አንድሮይድ ነው የተጫነባቸው፤ ቶክባክ ላይኖራቸው ይችላል። ርካሽ የቲቪ ቦክሶችም እንደዚያው። አሮጌ ቴሌቪዥን ካላችሁና ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ግን አዲስ ቴሌቪዥን መግዛት ግድ አይደለም። ትክክለኛ ጎግል ቲቪ የሆነ ትንሽ ስቲክ ከኋላው ይሰካል፤ አሮጌው ቴሌቪዥን መናገር ይጀምራል። ለብዙ ቤት የሚያዋጣው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ድምፁን ለማብራት በየጊዜው ሴቲንግ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ የድምፅ ቁልፉን ጫን አድርጎ መያዝ የአክሰሲቢሊቲ አቋራጭ ይከፍታል። ኤልጂ ላይ ሚዩቱን ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ብዙ ጎግል ቲቪዎች ላይ «ባክ» እና የታችኛውን ቀስት አንድ ላይ ይዞ መቆየት ነው፤ አቋራጩ ግን መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ መብራት አለበት። ይህን ለቤተሰቡም አሳዩ። ድምፁ የሚረብሻቸው ከሆነ እነሱ ሲያዩ አጥፍተው እናንተ ስትመጡ ማብራት ይችላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ጠብ አያስፈልግም።

እነዚህ ቴሌቪዥኖች የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ ሜኑ የሚያነብ ቴሌቪዥን አላጋጠመኝም። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን ዩቲዩብ እና ኔትፍሊክስ የሚሉትን ቃላት ትለያለች። ሜኑ ላይ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ይለመዳሉ።

ስልኩ

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ድራማ የምንከታተለው በስልክ ነው። አንድሮይድ ላይ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብትይዙ ቶክባክ ይበራል። አቋራጩ ካልበራ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ያብሩላችሁ። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ነው፤ የጎኑን ቁልፍ ሦስቴ በመጫን እንዲበራ ማድረግ ይቻላል።

ስልካችሁ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ አማርኛ የሚያነብ ድምፅ አልተጫነበትም ማለት ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ አማርኛ ያነባል። ጫኑትና «ቴክስት ቱ ስፒች» የሚለው ሴቲንግ ውስጥ እሱን ምረጡ። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው። መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይጠላዋል። ትንሽ ታገሱት፤ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ጀምሩና ቀስ በቀስ ጨምሩ። ዩቲዩብ ላይ የድራማውን ስምና የክፍሉን ቁጥር በአማርኛ ሲያነብላችሁ ልፋቱን ትረሱታላችሁ።

ለመፈለግ ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም። የጎግል ኪቦርድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የተናገሩትን ይጽፋል። ማይክሮፎኗን ነክታችሁ የድራማውን ስምና «ክፍል 12» በሉ። በአብዛኛው ያገኘዋል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ዜናቸውንና ድራማቸውን ዩቲዩብ ላይ ስለሚጭኑ፣ ሰዓቱ ያለፈባችሁን እዚያ ታገኙታላችሁ።

ቪዲዮ እየሄደ ማቆሚያውን ስክሪኑ ላይ መፈለግ አድካሚ ነው። ቁልፎቹ ይደበቃሉ። በሁለት ጣት ሁለቴ መታ መታ አድርጉ፤ አይፎንም ላይ፣ አዳዲስ ቶክባክ ያላቸው አንድሮይዶችም ላይ ያቆማል፣ መልሶም ያስጀምራል።

የዳታ ነገር። እዚህ ላይ እኛ የምናተርፍበት አለ። የምስሉ ጥራት ለእኛ ምንም ስለማያደርግልን ዝቅተኛውን እንምረጥ። ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን 144 ላይ አድርጉት። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት የሚበላው እስከ 0.3 ጊጋባይት ነው፤ በኤችዲ ግን እስከ 3 ጊጋባይት ይደርሳል። አሥር እጥፍ ነው። ጥቅል በ*999# ወይም በቴሌብር የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ኪሱ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን ማጨለም ይቻላል። ቮይስኦቨር ላይ በሦስት ጣት ሦስቴ መታ መታ ማድረግ ነው። ቶክባክ ላይ ሜኑው ውስጥ «ሃይድ ስክሪን» የሚል አለ። ታክሲ ውስጥም ጥሩ ነው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ስልካችሁን አያነብም።

ኔትፍሊክስና ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን

ኔትፍሊክስ ገለጻ ማቅረብ የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ራሱ የሚሠራቸው አብዛኞቹ ፊልሞችና ተከታታዮች አላቸው። ፊልሙን አስጀምሩና «ኦዲዮ ኤንድ ሰብታይትልስ» የሚለውን ክፈቱ። ከኦዲዮው ዝርዝር ውስጥ «ኢንግሊሽ፣ ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን» የሚለውን ምረጡ። ሌላ የሚከፈል ነገር የለውም። የትኞቹ ፊልሞች ገለጻ እንዳላቸው ለማወቅ የኔትፍሊክስን ገጽ በብራውዘር ክፈቱና ወደ ግርጌው ውረዱ፤ «ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን» የሚል ሊንክ አለ። ፕራይም ቪዲዮ ላይም የኦዲዮ ቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ ታገኛላችሁ፤ ሁሉም ፊልም ላይ ግን የለም።

ክፍያው እዚህ ካርድ ለሌለው ሰው ያስቸግራል። የእኛን የምትከፍለው ውጭ ያለች እህቴ ናት። በእሷ አካውንት ላይ ፕሮፋይል ከምትከፍትላችሁ ይልቅ የራሳችሁን አካውንት እንድትከፍልላችሁ ጠይቁ። ኔትፍሊክስ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ነው ስለሚል፣ በሌላ አገር ያለ አካውንት ድንገት ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ገለጻውን መጀመሪያ ስትሰሙ የተጨናነቀ ይመስላል። ውይይትና ትረካ ይፈራረቃሉ። በተለይ እንግሊዝኛችን እንደ ተወላጅ ላልሆነው ፈጣን ነው። በፍቅር ፊልም ወይም በዶክመንተሪ ጀምሩ፤ ድብድብ የበዛበትን ለኋላ አቆዩት። ደግሞ ሁለቱን ድምፆች አትቀላቅሉ። ፊልሙ ሲጀምር ስክሪን ሪደሩ የሚለፈልፍ ከሆነ የእሱን ድምፅ ቀንሱ፤ የፊልሙን ሳይሆን።

ለአማርኛ ድራማ፣ ገላጩ ቤት ውስጥ ነው

በአማርኛ ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን የተሠራለት ድራማ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቃና በ2016 እ.ኤ.አ. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መተርጎም ሲጀምር ለእናቴም ለእኔም ትልቅ ነገር ነበር፤ ሰብታይትል ለማያነብ ሰው ድምፅ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ግን ዝምታው አለ። ሙዚቃ ብቻ የሚሰማበት፣ ሁሉም ሰው «ውይ!» ብሎ እኔ ያልገባኝ ቦታ። ይህን የሚሞላው አጠገባችሁ ያለ ሰው ነው። እና ሰው ይህን በደንብ መሥራት ይማራል።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ተናደደች» ትለኝ ነበር። አሁን «ሲኒውን ሳትጠጣ አስቀመጠችና ተነሳች» ትለኛለች። መናደዷን እኔው አገኘዋለሁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የታየውን ከነገሩኝ እኔም እየገመትኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ እየተገረምኩ እከታተላለሁ። ትርጉሙን ብቻ ከነገሩኝ ግን የሰው ሐሳብ ተቀባይ እሆናለሁ።

ለሚገልጽላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። መጀመሪያ ቦታውን ይናገር፤ «ቢሮ ውስጥ ነው፣ ማታ ነው»። ከዚያ ማን እንደገባ በስም። ከዚያ እጅና ዓይን ምን እንዳደረጉ። ንግግር ሲጀመር ግን ዝም ይበል፤ የጀመረውን አረፍተ ነገር ባይጨርሰውም። ሁሉንም መናገር የለበትም። የመጋረጃው ቀለም አያስፈልገኝም፤ ገጸ ባሕርይዋ የለበሰችው ቀሚስ ባለፈው ክፍል የተሰረቀው ከሆነ ግን ያስፈልገኛል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ከወጣ ያንብብ፤ «ከሦስት ዓመት በኋላ» የምትል መስመር ካመለጠች ቀሪው ታሪክ ይምታታል። ቤቱ በሙሉ ሲስቅ ደግሞ የሳቁበት ነገር ወዲያው ይነገር። ቆይቶ የተነገረ ቀልድ አያስቅም። በበዓል ቀን ሰው በተሰበሰበበት ይህ ሲረሳ ብቸኝነቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳይጀመር፣ ቡናው እየተፈላ «ዛሬ ማን ነው የሚነግረኝ?» በሉ። ተራ ይያዝ። አንድ ሰው ላይ ሁሌ ከተጫነ ይሰለቻል፣ እናንተም ትሳቀቃላችሁ።

«አንቺ ሬዲዮሽን ስሚ» የሚባልበት ቤት አውቃለሁ። ሬዲዮ እወዳለሁ። ግን ሳሎን ውስጥ ከሁሉም ጋር መቀመጥ የምፈልግበት ሰዓት አለ፤ ያ ሰዓት የእኔም ነው።

ለኳስ ብቻ ሬዲዮውን እመርጣለሁ። የቴሌቪዥን ኮሜንታተር ሰው ያያል ብሎ ስለሚያስብ ኳሷ የት እንዳለች ሳይናገር ስለ ተጫዋቹ ዝውውር ያወራል። የሬዲዮው ግን ኳሷን ይከተላል። ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን ሲያይ አንድ ጆሮዬ ላይ የኤፍኤም ስርጭቱን አደርጋለሁ። አንዱ ከሌላው ሊቀድም ስለሚችል ጎሉን ቀድማችሁ ብታውቁ ለቤቱ አትንገሩ።

«በስክሪኑ ላይ በምትመለከቱት ቁጥር ይደውሉ»

ይህ አረፍተ ነገር ያበሳጨኛል። የሥራ ማስታወቂያ ይነገራል፣ የሕክምና እርዳታ ጥሪ ይነገራል፣ ቁጥሩ ግን አይነገርም። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ቪዲዮውን አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና ቢ ማይ አይስ ለሚባለው መተግበሪያ ላኩት። ነፃ ነው። ምስሉን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይገልጽላችኋል፤ ወይም በቪዲዮ ከሚያይ በጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኛችኋል። ቁጥሩን ከመደወላችሁ በፊት ግን ሁለቴ አስነብቡት፤ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ አሃዝ ሊሳሳት ይችላል። ይኸው መተግበሪያ አዲስ ቴሌቪዥን ገና ድምፁ ሳይበራ ሲቀርም ይጠቅማል። ካሜራውን ወደ ስክሪኑ አዙሩና በጎ ፈቃደኛው «ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ፣ አሁን ኦኬ» እያለ ይመራችኋል። የባንክ መልእክትና የይለፍ ቃል የሚታይበትን ስክሪን ግን አታሳዩ።

ለጣቢያዎቹም ንገሩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችንና ፊልሞችን ተደራሽ በሆነ መልክ የማግኘት መብትን ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይናገራል። እኛ የምንጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ እንኳ አያስወጣም። ቁጥሩ በቃል ይነበብ። በውጭ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲቀርብ ከሥር ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ድምፅ ይኑረው። እንግዳው ሲቀየር ስሙ ይጠራ።

ስትጽፉላቸው አጠቃላይ ቅሬታ አትጻፉ። የፕሮግራሙን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያመለጣችሁን ነገርና እንዴት ቢደረግ ኖሮ እንደምትከታተሉት ጻፉ። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ላይ በድምፅ መልእክትም ይቻላል። ኮፒውን ለኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አድርሱ፤ ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅ። መልስ ካልመጣ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ ደግማችሁ ጻፉ።